የቻይና ሰርግ ቬኑ በፎቶ አንሺ አይን፦ ሳንፍራንሲስኮና አካባቢው

ሰላም ነው። እዚህ ቤይ ኤሪያ ካሜራ ይዛችሁ የምትሯሯጡ ልጆች የቻይና ሰርግ ስራ እየመጣላችሁ እንደሆነ እየሰማሁ ነው፣ ደስ ይላል፣ አንዳንዶቻችሁ ደሞ ራሳችሁ ቻይናዊ ወይ ቻይናዊት ልታገቡ ነው መሰለኝ "የት ብናደርገው ነው ፎቶው የሚያምረው" የሚል ጥያቄ በዝቶብኛል፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል። እኔ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ካሜራ ሆኜ ነው የምሰራው፣ ዋናው ፎቶግራፈር ሙሽሮቹን ሲይዝ እኔ አያቶችን፣ እጆችን፣ በር ላይ የሚንጫጩትን ሚዜዎች ነው የማሳድደው፣ በዚህ ምክንያት የነዚህን ቦታዎች ጥጋጥግ ከነሶኬቱ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ሰዉ ገንዘቡን ሁሉ የሚያፈሰው ማታ እራት የሚበላበት ትልቁ አዳራሽ ላይ ነው፣ ሻንደሊየሩ፣ ስቴጁ፣ መግቢያው ምናምን ይታይና ዲፖዚት ይከፈላል። አልበሙ ሲመጣ ግን እናት ቁጭ ብላ የምታለቅስበት ፎቶ ከዛ አዳራሽ አይወጣም፣ የሚወጣው ጠዋት ከሚደረገው የሻይ ስነ ስርዓት ነው፣ እሱ ደሞ የሚደረገው ማንም ለፎቶ ብሎ ዞር ብሎ ባላየው ሳሎን ወይ የሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚ ለኔ የቬኑ ምርጫ የሚጀምረው ከዛች ክፍል ነው፣ አዳራሹ ቀጥሎ ይመጣል።

ለማታውቁት፣ የሻይ ስነ ስርዓት ማለት ሙሽሮቹ ለወላጅ፣ ለአያት፣ ለአጎት ለአክስት በየተራ ተንበርክከው ወይ ጎንበስ ብለው ሻይ የሚያቀርቡበት ነው። ብዙ ቤት ሻዩ ውስጥ ቀይ የቻይና ቴምርና የሎተስ ፍሬ ይጨመራል፣ ልጅ ቶሎ ይምጣ የሚል ምኞት ነው። ትልቁ ሰው ይጠጣል፣ ይመርቃል፣ ብር ያለበት ቀይ ፖስታ ይሰጣል፣ ከዛ ለሙሽሪት ወርቅ ያደርጉላታል፣ ካንቶኖች (የደቡብ ቻይና ሰዎች) ከሆኑ ዘንዶና ፊኒክስ የተቀረጸበት ወፍራም አምባር ነው፣ ዘመድ የበዛላት ሙሽራ ክንዷ ሙሉ ወርቅ ሆኖ ያልቃል። አንዲት አያት ስኒውን በሁለት እጃቸው ሲቀበሉ እጃቸው ተንቀጥቅጦ ሻዩ ማስቀመጫው ላይ ፈሰሰ፣ ሙሽሪት ቀና ሳትል ከስር በመዳፏ ደገፍ አደረገችላቸው፣ ሁለት ሶስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። መስኮቱ ከጎን ስለነበር የእጃቸው ስር፣ የስኒው ጠርዝ፣ የአምባሩ ቅርጽ ሁሉ ወጣ። ያው ክፍል መስኮቱ ከአያትየው ጀርባ ቢሆን ኖሮ ጥቁር ጥላ ብቻ ነበር የሚቀረን።

ስለዚ ክፍሉን ስታዩ የምታዩት ይሄን ነው። መስኮት ከጎን ይሁን። የሽማግሌዎቹ ወንበር ከመስኮቱ ፊት ለፊትም ጀርባውን ሰጥቶም አይቀመጥ። ወንበሩን ደሞ ግድግዳ ላይ አትለጥፉት፣ ሁሉም ቤት የሚያደርገው ይሄንን ነው፣ ምክንያቱም ተቀማጩና ተንበርካኪው ፊት ለፊት ስለሚተያዩ አንድ ካሜራ ሁለቱንም ፊት አይዝም፣ አንድ ሰው ከሽማግሌዎቹ ጀርባ የሚቆምበት ቦታ ያስፈልጋል፣ አንድ ሰው የሚያልፍበት ስፋት ይበቃል። ከኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ቲቪ ካለ ሸፍኑት፣ መስታወት ካለም እንደዛው፣ ያቺን ቀይ የድርብ ደስታ ምልክት ወረቀት ደሞ መስታወት ላይ ሳይሆን ባዶ ግድግዳ ላይ ለጥፏት። የልብሱም ነገር አለ፣ ካንቶኖች ክዋ የሚሉት በወርቅና በብር ክር ከላይ እስከ ታች የተጠለፈ ቀይ ልብስ አለ፣ ዋጋው ራስ ያዞራል ስለዚ ብዙው ሰው ይከራየዋል፣ ጥልፉ ከፍ ከፍ ያለ ስለሆነ የጎን ብርሃን ሲያገኝ ልክ በእጅ የሚዳሰስ ይመስላል፣ ካሜራ ላይ በተሰካ ፍላሽ ፊት ለፊት ከመታችሁት ግን ቢጫ ቀለም የፈሰሰበት ጨርቅ ነው የሚመስለው። እንግዲህ ይሄን ሁሉ ብር ለልብስ ከፍሎ መስኮት የሌለው ክፍል መያዝ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሆቴል ክፍል የምትይዙ ከሆነ ስዊት ያዙ፣ ሳሎኑ ከመኝታው የተለየ፣ ምክንያቱም ሙሽሪት መኝታ ቤት ተዘግታ ሚዜዎቿ በር ላይ ሙሽራውን የሚያስጨንቁበት ጨዋታ አለ። እኛም ሰርገኛ በር ላይ ስለምናስቆም ይሄ ለሀበሻ ፎቶ አንሺ የሚገባው ነገር ነው፣ እንደውም እኛ በዘፈን ነው እነሱ በፈተና፣ ፑሽአፕ ስራ፣ መራራ ብላ፣ ቀይ ፖስታ በበሩ ስር አስገባ፣ አነሰ፣ ጨምር፣ እንደዛ እያሉ። ጫጫታው እስኪበቃ ድረስ ነው። ችግሩ የሆቴል ኮሪደር ጠባብና ጨለማ ነው፣ ምንጣፉ ደሞ አብዛኛው ጊዜ የሆነ የዞረበት ፓተርን ያለው ነው፣ ከጎን ክፍል ያለ እንግዳም ሪሴፕሽን ደውሎ ይከሳል። የቤት በር ሁሌ ይሻላል። ቤታቸው ጠባብም ቢሆን፣ ጋራዡ ክፍት ሆኖ የውጪ ብርሃን ሲገባ የሚወጣውን ፎቶ ባለ አምስት ኮከቡ አይሰጣችሁም።

አሁን ወደ አዳራሽ። የቻይና ባንኬት ክብ ጠረጴዛ ነው፣ በአንዱ 10 ሰው፣ 30 ጠረጴዛ ብርቅ አይደለም። ሬስቶራንቶቹ ራሳቸው ዋጋ የሚጠሩት በሰው ሳይሆን በጠረጴዛ ነው፣ ከዚህ ቁጥር በታች አንቀበልም የሚል ሚኒመምም አላቸው። ፎቶ አንሺውን የሚፈትነው ክፍል ደሞ ሙሽሮቹ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ እየዞሩ ብርጭቆ የሚያነሱበት ነው፣ በየጠረጴዛው ጩኸት አለ፣ በየጠረጴዛው ግሩፕ ፎቶ አለ፣ ጀርባቸውን የሰጡት ተነስተው ከነዛኞቹ ኋላ ይቆማሉ፣ ጠቅ፣ ቀጣይ። አስተናጋጁ በዛ መሀል ሙሉ አሳ ተሸክሞ ይመጣል። 10 ሰው በ35 ሚሊ ሜትር ሌንስ በደንብ ለመያዝ ቢያንስ 3 ሜትር ወደ ኋላ መራቅ ያስፈልጋል፣ ጠረጴዛዎቹ ከተጣበቁ 24 ለመጠቀም ትገደዳላችሁ፣ ያኔ ዳር ላይ የቆመችው አክስት ፊቷ ይለጠጣል፣ አክስት ደሞ አትረሳም። ስለዚ ማኔጀሩ "እዚህ ጋ 32 ጠረጴዛ ይገባል" ሲላችሁ 28 ሲሆን ፕላኑን አሳየኝ በሉት።

ሌላው ቀይ ነገር ነው። ቀይ ግድግዳ፣ ቀይ የጠረጴዛ ልብስ፣ ቀይ ምንጣፍ፣ ወርቃማ ኮርኒስ። በአይን ሲታይ ያምራል፣ በካሜራ ግን ብርሃኑ ሁሉ ከቀይ ነገር ነጥሮ ነው ፊት ላይ የሚያርፈው፣ ነጩ ቬሎ ሮዝ ይሆናል፣ የሰው ጉንጭ የሰከረ ይመስላል፣ (አንዳንዱ ሰክሮም ሊሆን ይችላል)። ፍላሹን ኮርኒስ ላይ አንጥሬ እሰራለሁ የምትሉ ኮርኒሱ ነጭ መሆኑን እዩ፣ ወርቃማ ወይ እንጨት ከሆነ ያንን ቀለም ይዞ ነው የሚመለሰው። የአንበሳ ጭፈራ የሚያስመጡ ከሆነ የኮርኒሱ ከፍታም ይታይ፣ አንበሳው አንዱ በአንዱ ትከሻ ላይ ወጥቶ ሰላጣ የሚነጥቅበት ቦታ አለ፣ ዝቅ ያለ ኮርኒስ ሲሆን ያ ዋናው ሾት ይቀራል።

የባሰው ግን ወይንጠጅ የኤልኢዲ መብራት ነው። ስሙን የማልጠራው አንድ አዳራሽ ውስጥ ሙሽሮቹ የሚዞሩበት ሰዓት ሙሉ ወይንጠጅና ሰማያዊ መብራት ሲሽከረከር ነበር፣ ይጥፋልን ብንል "ከዲጄው ፓኬጅ ጋር ነው" አሉን፣ ዲጄው ደሞ "የቤቱ ነው" አለ፣ እንደዛ እየተባባሉ 20 ምናምን ጠረጴዛ አለቀ። የሙሽራው አባት በሁሉም ፎቶ ሰማያዊ ናቸው። ከስቴጁ ኋላ ያለው ትልቁ ስክሪንም ሌላ ጣጣ ነው፣ ሸተር ስፒድ ከፍ ስታደርጉ መስመር መስመር ይወጣበታል፣ ዲም ማድረግ ይቻል እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ከቤቶቹ እንግዲህ፣ ቻይናታውን ውስጥ ልቤን የሚወስደው ፋር ኢስት ካፌ ነው፣ ግራንት አቬኑ ላይ። ከ1920 ጀምሮ ያለ ቤት ነው፣ ጣራው ላይ የተንጠለጠሉት ትላልቅ የቤተመንግስት ፋኖሶች የድሮዎቹ ናቸው፣ በመጋረጃ የሚዘጉ ትንንሽ የእንጨት ክፍሎችም አሉት፣ ዛሬ እንደዚህ አይነት ቤት የሚሰራ የለም። ጨለማ ነው፣ እውነቱን ልናገር፣ እንጨቱ ብርሃን ይጠጣል፣ ፈጣን ሌንስ ከሌላችሁ ትቸገራላችሁ፣ ግን ሙሽሪት ቀይ ቺፓዎ፣ ማለትም ጠበብ ያለውን የቻይና ቀሚስ፣ ለብሳ ከነዛ መጋረጃዎች አንዱን ገለጥ አድርጋ ስትወጣ አንድ ትንሽ ላይት ከጎን ብታስቀምጡ ሌላ ዲኮር አያስፈልግም። ለፎቶ ከ10 9 እሰጠዋለሁ፣ ለአዲስ ጀማሪ ፎቶ አንሺ ግን 6።

ኤምፕረስ ባይ ቡን ሌላ አለም ነው። እዛው ግራንት 838 ቁጥር፣ ስድስተኛ ፎቅ፣ ድሮ ኤምፕረስ ኦፍ ቻይና የሚባለው የከተማው ቻይኖች ስንት ሰርግ የደገሱበት ቤት ነበር፣ 2014 መጨረሻ ላይ ተዘጋ፣ በ2021 በአዲስ ስም ተከፈተ። የድሮውን ስምንት ማዕዘን የእንጨት ፓቪሊዮን አስቀርተውታል፣ መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው፣ ኮይት ታወር ይታያል። ጀምበር ስትጠልቅ ያለው ግማሽ ሰዓት እዚህ ቤት ወርቅ ነው። ትልልቆቹ የቤተሰቡ አባላት እዛ የራሳቸውን ሰርግ ያደረጉ ከሆነ ደሞ አያትና አያት ያኔ የቆሙበት ጋ አቁማችሁ አንሱ፣ እንዲህ አይነት ነገር በብር አይገዛም። ዋጋው ግን ውድ ነው፣ 30 ጠረጴዛ ዘመድ ላለው ሰው አይሆንም፣ ለትንሽ ሰርግ ነው።

ብዙ ሰው ያለው ወደ ዴሊ ሲቲና ሚልፒታስ አካባቢ ወዳሉት ትላልቅ የሲፉድ ቤቶች ነው የሚሄደው፣ ፓርኪንግ አለ፣ ምግቡም እዛ ነው የሚሻለው። ዴሊ ሲቲ ያለው ኮይ ፓላስ ስሙ እንደሚለው (ኮይ የአሳ አይነት ነው) መግቢያው ላይ አሳ ያለበት ውሃ አለው፣ እንግዳ ሲገባ ለሚነሳው ፎቶ እንደሱ ያለ ነገር ይረዳል። ከነዚህ ቤቶች ግን የሙሽሮች ፖርትሬት አትጠብቁ፣ የቤቱ ስራ ማብላት ነው።

እሱም ችግር አይደለም፣ ምክንያቱም ቻይኖች ፖርትሬቱን ብዙ ጊዜ ከሰርጉ በፊት በሌላ ቀን ነው የሚጨርሱት። ወራት ቀደም ብለው ቬሎ ተከራይተው፣ ሜካፕ ተሰርተው፣ ሶስት አራት ልብስ እየቀያየሩ ይነሱና ያ ፎቶ በትልቁ ታትሞ አዳራሹ መግቢያ ላይ ይቆማል። እኛ ሀበሾች ይሄን ብንኮርጅ እንዴት ባረፍን፣ የሰርጉ ቀን እንግዳ ፀሀይ ላይ እያስጠበቅን መናፈሻ ለመናፈሻ ከመዞር።

ለዚህ አይነቱ ቀን የመጀመሪያ ምርጫዬ የሳንፍራንሲስኮ ሲቲ ሆል፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ነው። 1915 የተከፈተ፣ ጉልላቱ ከዋሽንግተኑ ካፒቶል ጉልላት ከፍ ይላል፣ ትልቁን ደረጃ ሁሉም ያውቀዋል። ሰው ሁሉ ደረጃው ላይ ይሰለፋል፣ እኔ ግን 4ኛ ፎቅ ጋለሪ ነው የምወስዳቸው፣ በትላልቆቹ መስኮቶች የሚገባው ብርሃን ለስላሳ ነው፣ ቀዩ ክዋ ከግራጫው ድንጋይ ጋር ሲታይ አይን ይይዛል፣ እዚህ ላይ ቀይ ጠላት መሆኑ ይቀራል ምክንያቱም በዙሪያው ሌላ ቀይ የለም። የፍርድ ቤት አይነቱን አጭር ጋብቻ የሚያደርጉት ከሰኞ እስከ አርብ ብቻ ነው፣ ለቻይኖች ይሄ ብዙም አይከብድም፣ ቀኑን በቆጠራ መጽሐፍ አስመርጠው ማክሰኞ የሚወጣላቸው ስላሉ። የሚከብደው ሌላው ነው፣ 6 እንግዳ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ ፎቶ አንሺውም ከስድስቱ ይቆጠራል። ሁለት ወላጅ በዚህ ሁለት ወላጅ በዛ፣ አንድ አያት፣ እናንተ፣ አለቀ። አጎትየው በዚህ ሲኮርፉ አይቻለሁ። ቤተሰብ የበዛ እንደሆነ የአንድ ሰዓት ኪራይ አለ፣ የሜየሩን በረንዳ ወይ የ4ኛ ፎቁን ጋለሪ ይሰጣሉ፣ ብሩ አይጣልም።

ግራንት አቬኑ ራሱ በነጻ የሚገኝ ስቱዲዮ ነው። ግራንትና ካሊፎርኒያ ጥግ ላይ ቁሙ፣ ከላይ የሲንግ ቾንግ ህንጻ ጣራው ቅልብስ ያለው፣ ከፊት ኬብል ካሩ እየወጣ፣ ኬብል ካሩ እስኪመጣ ጠብቁና አንሱ። ያ ህንጻ እኮ ከ1906ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የተሰራ ነው፣ ከተማው ቻይኖቹን ከመሀል ሊያስወጣ ሲያስብ ነጋዴዎቹ ቱሪስት የሚስብ መልክ ይኑረው ብለው ነጭ አርክቴክቶች ቀጥረው ያሰሩት፣ ስለዚ ቤጂንግ ሄዳችሁ እንደዛ ያለ ጣራ ብትፈልጉ አታገኙም፣ ንጹህ የሳንፍራንሲስኮ ነገር ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄን ሳውቅ የበለጠ ወደድኩት። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ቀን ላይ ግማሹ ፀሀይ ግማሹ ጥላ ነው፣ ያኔ አትሂዱ፣ ፋኖሶቹ በርተው ሰማዩ ገና ሰማያዊ የሆነበት ሰዓት ሂዱ። የሰመር ጉም ካለ ደሞ ማንኛውም ሰዓት ይሆናል፣ ጉሙ ለክዋ ጥልፍ ምርጥ ነው፣ ሙሽሪትን ግን ስለሚበርዳት ጃኬት ያዙላት። ሮስ አሊ የምትባለው የቻይናታውን መተላለፊያ ውስጥ ለመግባት ሻንጣችሁን አሳንሱ፣ ቀጭን ናት።

ፓላስ ኦፍ ፋይን አርትስ፣ ውሃ ዳር የቆመው ባለ ጉልላቱ ህንጻ፣ ጠዋት ነው። ውሃው ከምስራቅ በኩል ስለሆነ ጉልላቱ በደንብ የሚበራው ጠዋት ነው፣ ማታ የሚሄደው ሰው ለምን እንደሚሄድ አላውቅም፣ ጸሀዩ ከኋላ ሆኖ ሁሉም ነገር ግራጫ ይሆንበታል። ፐርሚት ይጠይቃሉ፣ አውጡ። ቅዳሜ ስትሄዱ ሌሎች ሙሽሮች ፍሬማችሁ ውስጥ አሉ፣ ሌላ ቬሎ፣ ሌላ ፎቶ አንሺ፣ ለኔ ከ10 6።

ጎልደን ጌት ፓርክ ላይ ሰው ሁሉ የሚያስበው የጃፓን ሻይ መናፈሻውን ነው። ቦታው ያምራል፣ ግን ለቻይና ሰርግ የጃፓን በር ስር ከማቆማችሁ በፊት አያቶቹን አስጠይቁ፣ ጃፓን ቻይናን የወረረችበትን የጦርነት ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ወይ ከወላጆቻቸው የሰሙ ሰዎች አሉ፣ ፎቶው ላይ ምንም ሳይሉ ቆመው ቤት ገብተው ግን ፎቶውን የማይሰቅሉ። እዛው ፓርክ ውስጥ ሀይቁ መሀል ያለችው ስትሮበሪ ሂል የምትባል ደሴት ላይ ታይፔ ከተማ የሰጠችው የቻይና ፓቪሊዮን አለ፣ 1981 የቆመ፣ አረንጓዴ ጣራ፣ ቀይ ምሰሶ፣ ከፊቱ ውሃ። ከታይዋን የመጡ ቤተሰቦች ሲሆኑ ይሄን ስትነግሯቸው ፊታቸው ይበራል። ምሰሶዎቹ መሀል ጥላው እኩል ስለሆነ እኩለ ቀን ላይም መስራት ይቻላል፣ ከዚህ አካባቢ ለፖርትሬት አንድ ብቻ ምረጥ ብባል እሱን ነው።

ሳን ሆዜ ያላችሁ ደሞ እስከ ሳንፍራንሲስኮ አትንዱ፣ ኦቨርፌልት ጋርደንስ ውስጥ የቻይና ባህል መናፈሻ አለ፣ ትልቅ በር አለው፣ ውሃ ዳር የቆመ ረጅም የኮንፊሽየስ ሀውልት አለው። ሀውልቱ በጣም ስለሚረዝም ሙሽሮቹን እግሩ ስር አታቁሟቸው፣ ጉንዳን ነው የሚያክሉት፣ ከውሃው ወዲህ አቁማችሁ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ብታነሱ እሱም እነሱም ይገባሉ። ውሃው ጥላቸውን የሚመልሰው ንፋስ ሳይነሳ ነው፣ ከሰዓት ላይ ከሄዳችሁ ቬሉንም ለሚዜ አስይዙ።